የልብስ መደብር ከባሕር ማዶ ሲመጣ ስንት እንጀራ ይዞ ይመጣል?

በዚህ ወር ይዘን የቀረብነው ርእስ የተገኘው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንዲት እናት ጭንቀት ነው።

እኒህ እናት ባለፈው ወር ከመግሪብ ሰላት በኋላ ከመስጊዱ አጥር ጥግ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ልጃቸውን በሚገባ እናውቀዋለን፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪያችን ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣለት ሲቀር መርካቶ ከሚገኘው የአጎቱ ልብስ ስፌት ቤት ገባ። መጀመሪያ ቁልፍ ይተክልና ክር ይለቅም ነበር፤ ዛሬ ሱሪ ለክቶ፣ ቆርጦ ይሰፋል። እናቲቱ እንዲህ አሉን፦

«ኡስታዝ፣ ይኸ ልጅ ልቡ ሸፍቷል። ትልልቅ የውጭ አገር የልብስ መደብሮች አዲስ አበባ ሊከፈቱ ነው፣ ብዙ ሺህ ሰው ይቀጥራሉ ብለውታል። መኪናውን ጥዬ የሽያጭ ኮርስ ልግባ ይላል። አጎቱ ደግሞ ‹ከወጣ አይመለስብኝ› ብለው ተቆጡ። እርስዎን ይሰማልና እባክዎ አንድ ነገር ይበሉት።»

«እሺ እናቴ፣ ጥቂት ቀን ይስጡን፤ ሳናውቅ ብንናገር ልጁንም እርስዎንም እንበድላለን» ብለን ተለያየን። እውነቱን ለመናገር ከአፋችን ላይ የነበረው መልስ «ሙያህን አትልቀቅ» የሚል ነበር። ይህን መምከር ለአስተማሪ ቀላል ነው፤ የኛ ደመወዝ የሚመጣው ከመርፌ አይደለምና። ስለዚህ እንዲህ ያለ መደብር የገባባቸው አገሮች ምን እንደገጠማቸው ስናገላብጥ ሰነበትን።

ልጁ የሰማው ወሬ ጨርሶ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በአገራችን የችርቻሮ ንግድ ለብዙ ዓመታት ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ ተከልሎ ኖሯል። በ2016 ዓ.ም. ግን የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ ባወጣው መመሪያ መመዘኛውን የሚያሟሉ የውጭ ባለሀብቶች በገቢ፣ በወጪ፣ በጅምላና በችርቻሮ ንግድ እንዲሠማሩ ተፈቀደ። እንግዲህ በሩ ተከፍቷል። ሆኖም በር ተከፈተ ማለት እንግዳው ገብቶ ተቀመጠ ማለት አይደለም። ገና ያልመጣን መደብር ተማምኖ በእጅ ያለውን ሥራ መጣል «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዳይሆን ያሠጋል። ልጁን በዚህ ብቻ ልንመልሰው ግን አልፈለግንም። መደብሩ ነገ ቢመጣስ?

እንዲህ ዓይነቱ መደብር ወደ አዲስ አገር ሲገባ በመጀመሪያ የሚነገረው የተቀጣሪው ቁጥር ነው። ሪባን ይቆረጣል፣ ሹም ንግግር ያደርጋል፣ «ለዚህን ያህል ወጣቶች የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ይባላል። ቁጥሩ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ምን እንደቆጠረ መጠየቅ ያሻል። በአንድ ትልቅ የልብስ መደብር ከሚቀጠሩት አብዛኞቹ ልብስ አጣጥፈው የሚደረድሩ፣ ለደንበኛው ልኩን የሚፈልጉለት፣ ገንዘብ የሚቀበሉ፣ ከጓዳ ካለው መጋዘን ካርቶን እየፈቱ የሚያወጡ ናቸው። ንድፉን የሚነድፈው፣ ለከርሞ የትኛው ቀለም እንደሚሸጥ የሚመርጠውና ዋጋውን የሚቆርጠው ሰው በዋናው መሥሪያ ቤት ነው ያለው፤ መደብሩ ሌላ አገር በተከፈተ ቁጥር እርሱ ከወንበሩ አይነሣም።

የሥራው ሰዓትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ልብስ የሚሸጠው በበዓል ዋዜማ፣ ደመወዝ በወጣበት ሳምንትና በዕረፍት ቀን ስለሆነ መደብሩ ሰው የሚፈልገው ገበያ በሚደራበት ሰዓት ነው። በቀረው ጊዜ ሠራተኛው ቤቱ ቢቀመጥ ይመርጣል። ስፖርትስ ዳይሬክት የሚባለው የስፖርት ልብስ ሻጭ ለዚህ ስሙ የተነሣ ነው። የእንግሊዝ ጋዜጦች እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገለጡት፣ ከ23 ሺህ ያህል ሠራተኞቹ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉት በሳምንት አንድም ሰዓት ሥራ እንደሚያገኙ ዋስትና በማይሰጥ ውል የተያዙ ነበሩ። በወረቀት ሲታይ 20 ሺህ ሰው ሥራ አለው። ሰኞ ጠዋት ግን ያ ሰው «ዛሬ እጠራ ይሆን?» እያለ ስልኩን ያያል። የቀን ሥራ ፈልጎ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ይህን ኑሮ ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ሥራው ሁሉ እንዲህ ነው ማለታችን ግን አይደለም። በወር የታወቀ ደመወዝ፣ የተጻፈ ውል፣ የጡረታ መዋጮ፣ የታወቀ የዕረፍት ቀን የሚሰጡ መደብሮች አሉ። ዕቃ መመዝገብን፣ መጋዘን መቆጣጠርን፣ ደንበኛን በትሕትና ማስተናገድን የተማረ ወጣት ነገ የራሱን ሱቅ ቢከፍት ይጠቅመዋል። ልብ በሉልን፤ ይህን የጻፍነው ለወጉ ያህል አይደለም፣ ወደኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ደግሞ ወደ መርካቶ እንሂድ። አንድ ሸሚዝ እኛ ዘንድ እስኪደርስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ አስበን እናውቃለን? ነጋዴው ዱባይ፣ ኢስታንቡል ወይም ቻይና ድረስ ሄዶ ይገዛዋል። ከጉምሩክ ሲወጣ ተሸካሚው ይሸከመዋል፣ ጅምላ ሻጩ ይከፋፍለዋል፣ ደላላው ገዥ ያመጣለታል፣ ቸርቻሪው ሰቅሎ ይሸጠዋል፤ ያልተሸጠው በሱቅ በደረቴ ልጅ ትከሻ ላይ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል። የገዛነው ሱሪ ሲረዝምብን ደግሞ የልጁ አጎት ዘንድ ሄደን እናሳጥረዋለን። በዚህ መንገድ ላይ ያለው እጅ ሁሉ አንዳንድ ጉርሻ ይወስዳል። ትልቁ መደብር ግን ከፋብሪካ ወደ ኮንቴይነር፣ ከኮንቴይነር ወደ መደርደሪያ ያመጣዋል። ዕቃው የሚረክስበት አንዱ ምሥጢር ይኸው ነው፤ በመካከሉ የሚጎርሰው ሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ መደብሩ 200 ሰው ቀጠረ ሲባል፣ በዙሪያው ገበያ የቀዘቀዘበትን ቸርቻሪ፣ ጭነት የቀረበትን ተሸካሚ የሚቆጥር የለም። እነርሱ በአንድ ቀን ስለማይባረሩ ለዜና አይበቁም። አንዱ ሱቁን ለሁለት ይከፍላል፣ አንዱ ልጁን ከግል ትምህርት ቤት ያስወጣል፣ አንዱ ሸቀጥ ቀይሮ ፕላስቲክ መሸጥ ይጀምራል።

ይሁንና የገዥውንም ወገን እንይ እንጂ። አምስት ልጆች ያሏት እናት ለዒድ አምስት ልብስ ትገዛለች። ዋጋው ረከስ ቢልላት የተረፋት ብር ሜዳ ላይ አይቀርም፤ ለሥጋ፣ ለደብተር፣ ለሐኪም ይውላል፤ እርሱም በተራው ለሌላው ሰው እንጀራ ይሆናል። ዋጋው የተለጠፈ፣ ደረሰኝ የሚሰጥበት፣ ካልሆነ የሚመለስበት ሱቅም ለገዥ ዕረፍት ነው። እኛ በበኩላችን ክርክር የማንችል ሰዎች ነን። ባለቤታችን የገዛነውን ዋጋ ስንነግራት ሁልጊዜ ትስቃለች፤ አንድ ቀን እንኳ «ጥሩ ገዛህ» ብላን አታውቅም።

ይበልጥ ያሳሰበን ግን እንግዳው የመጣ ዕለት ሳይሆን የሄደ ዕለት የሚሆነው ነው። ለዚህ ከአህጉራችን ናይጄሪያን የመሰለ ምሳሌ አላገኘንም። ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት፣ ዘናጭ የሚበዛባት አገር ናት፤ የልብስ ነጋዴ ሊጓጓላት ይገባል። ዉልዎርዝስ የተባለው የደቡብ አፍሪካ የልብስና የምግብ መደብር ገብቶ ሦስት ሱቆች ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2013 መገባደጃ ላይ ሦስቱንም ዘግቶ እንደሚወጣ አስታወቀ። ምክንያቱን ሲገልጽ የሱቅ ኪራይ መወደድ፣ የቀረጥ ብዛትና የዕቃ አቅርቦቱ ውስብስብነት ነው አለ። ትሩዎርዝስ የተባለ ሌላ የደቡብ አፍሪካ ልብስ ሻጭ ትንሽ ቆየ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 የናይጄሪያ ማዕከላዊ ባንክ 41 ዓይነት ዕቃዎችን ዘርዝሮ ለእነዚህ ማስመጫ ከባንክ የውጭ ምንዛሪ አይሰጥም አለ። ልብስና ጨርቃ ጨርቅ በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ትሩዎርዝስም የቀሩትን ሱቆቹን ዘግቶ ወጣ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ነበር። የናይጄሪያ ባንክ ዶላር ቢያጥረው ዶላሩን ለመድኃኒትና ለመለዋወጫ ማስቀደሙ ያስወቅሰዋል? እኛ አንወቅሰውም። መደብሩስ ዕቃ ማስገባት ካልቻለ ባዶ መደርደሪያ ይዞ ምን ይጠብቅ? እርሱንም አንወቅሰውም። ነገሩ ከመነሻው የተሠራበት መንገድ ነው። የሚሸጠውን አብዛኛውን ዕቃ ከባሕር ማዶ የሚያመጣ ሱቅ ሥሩ ያለው በዶላሩ ላይ ነው፤ ዶላሩ ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል። በአገራችን ደግሞ የዶላርን ነገር ማን ይነግረናል! በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ ልብስ አምጥቶ እዚህ በብር የሚሸጥ ሰው ይህን ሳያሰላ አይመጣም።

ይህ የድሃ አገር ዕጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዩኒክሎ የተባለው የጃፓን ልብስ ሻጭ እ.ኤ.አ. በ2001 ለንደን ገብቶ በጥድፊያ 21 መደብሮች ድረስ ከፈተ። በ2003 ከእነዚያ 16ቱን ዘጋ። በኋላ ተምሮ፣ ቀስ ብሎ ተመልሶ ተሳካለት። መደብሩ መማሪያ ጊዜ ነበረው፤ በመካከል የተሰናበተው ልብስ አጣፊ ግን የቤት ኪራዩ አይጠብቀውም።

ታዲያ ዘዴ የለውም ወይ? የህንድን ነገር ስናይ ያለ ይመስለናል። ህንድ የሰፈር ባለሱቆቿን ብዛት ስለምታውቅ በሯን ወለል አድርጋ አልከፈተችም። የራሳቸውን ምልክት ብቻ የሚሸጡ የውጭ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2006 እስከ 51 በመቶ፣ በ2012 ደግሞ እስከ 100 በመቶ ድርሻ እንዲይዙ ፈቀደች። ነገር ግን ከ51 በመቶ በላይ የሚይዝ ኩባንያ ከሚገዛው ዕቃ በዋጋ 30 በመቶውን ከህንድ ውስጥ ይግዛ፣ ቢቻል ከአነስተኛ አምራቾችና ከእጅ ባለሙያዎች ይሁን አለች። ኩባንያዎቹ አጉረመረሙ፤ ደንቡም በኋላ ጥቂት ላላ ተደርጓል። ቢሆንም አልቀሩም። የስዊድኑ ኤች ኤንድ ኤም እ.ኤ.አ. በ2015፣ ዩኒክሎ በ2019 ደልሂ ላይ ሱቅ ከፈቱ።

እርግጥ ህንድ ይህን ልትጠይቅ የቻለችው የምትሸጠው ስለነበራት ነው። ኤች ኤንድ ኤም በህንድ ሱቅ ከመክፈቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ከህንድ ፋብሪካዎች ልብስ ይገዛ ነበር። ልኩን ጠብቆ፣ ሺህ ሸሚዝ አንድ ዓይነት አድርጎ፣ በተባለው ቀን የሚያስረክብ ሰፊ በሌለበት አገር «30 በመቶ ከኔ ግዛ» ማለት ዋጋ የለውም። እዚህ ላይ ነው የልጁ የስፌት መኪና ትዝ ያለን።

በዚህ ረገድ የባንግላዴሽ ታሪክ ያስደንቃል። ከነጻነት ጦርነቷ ገና እያገገመች በነበረችበት ጊዜ ኑሩል ቃድር የተባሉ የቀድሞ የመንግሥት ባለሥልጣን «ዴሽ» የሚባል የልብስ ፋብሪካ ለማቋቋም ዴው ከተባለው የደቡብ ኮሪያ ኩባንያ ጋር ተዋዋሉ። ከውሉ ትልቁ ነገር መኪናው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1979 130 የባንግላዴሽ ሠራተኞች ወደ ፑሳን ከተማ ተልከው በኮሪያው ፋብሪካ ውስጥ እየሠሩ ተማሩ። ጨርቅ መቁረጥን፣ የሥራ መስመር መዘርጋትን፣ ጥራት መቆጣጠርን፣ ከገዥ ጋር መነጋገርን ይዘው ተመለሱ። ዴሽ በ1980 ሥራ ሲጀምር በዓመቱ ያወጣው ሸሚዝ 43 ሺህ ያህል ነበር፤ በ1987 ወደ 2.3 ሚሊዮን ደረሰ። ከእነዚያ 130 ሠልጣኞች ውስጥ 115ቱ በዚያው ዘመን ከዴሽ ወጥተው ወይ የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ ወይ ለሌሎች አዳዲስ ፋብሪካዎች ሙያቸውን ወሰዱ። ባለፋብሪካው ተናዶ ይሆናል! አገሪቱ ግን በዚያ መንገድ ወደ 4 ሚሊዮን ለሚደርሱ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ለሆኑ ሠራተኞች ሥራ የሚሰጥ ዘርፍ አገኘች። ኮሪያዎቹ ሲሄዱ ሙያው አብሯቸው አልሄደም።

ይህን ጽፈን ሌላውን ገጽ ብንዘል ግን አማና መብላት ይሆንብናል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ዳካ አጠገብ፣ ሳቫር በተባለ ቦታ፣ ራና ፕላዛ የሚባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1 ሺህ 100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከላይ ባሉት ፎቆች ላይ ለአውሮፓና ለአሜሪካ መደብሮች የሚሰፉ ፋብሪካዎች ነበሩ። ፕራይማርክ የተባለው በርካሽ ዋጋው የታወቀ መደብር ከገዥዎቹ አንዱ ነበር፤ በኋላም ለተጎጂዎች ካሣ ከፍሏል። ከአንድ ቀን በፊት ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቶ ነበር። በማግስቱ ሠራተኞቹ ግቡ ተባሉ፤ ገቡም። የወር ደመወዛቸው እንዳይቀርባቸው ፈርተው የገቡ ብዙ ነበሩ። ፕራይማርክ አደጋው በደረሰ በሁለት ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ በአሜሪካ ቦስተን የመጀመሪያውን መደብር ሲከፍት የቦስተን ሰዎች የቆጠሩት በቦስተን የተቀጠረውን ሰው ነው። ሳቫርን ማን ይቁጠር?

የኛም አገር ይህን ቀምሳለች። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ፣ ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የሚባሉትን ምልክቶች የያዘው የአሜሪካው ፒ.ቪ.ኤች ከዋነኞቹ መጭዎች አንዱ ነበር። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2019 ባወጡት ጥናት የሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ ፋብሪካዎቹም በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኛቸውን ሁሉ በአዲስ እንደሚተኩ ገለጡ። እህቶቻችን ከገጠር መጥተው፣ በአንድ ክፍል ተደራርበው አድረው፣ የኪራዩና የምግቡ ነገር አላስኬድ ሲላቸው ተመልሰዋል። በኅዳር 2021 ፒ.ቪ.ኤች በጦርነቱ ምክንያት ፋብሪካውን ዘግቶ ወጣ። ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮም አሜሪካ በአጎዋ የምትሰጠውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ከኢትዮጵያ አነሣች። ሦስቱም ቀኖች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በላይ ለእናቲቱ ጥያቄ የቀረበልን ጥናት ግን የክሪስቶፈር ብላትማንና የስቴፋን ዴርኮን ነው። እኒህ አጥኚዎች በአገራችን በአምስት ድርጅቶች ለዝቅተኛ ሥራ ካመለከቱ ወደ 1 ሺህ ከሚጠጉ ሰዎች መካከል በዕጣ ለአንዱ ወገን ሥራውን፣ ለሁለተኛው ወገን 300 ዶላር ያህል መቋቋሚያና አጭር የንግድ ሥልጠና ሰጡ፤ ለሦስተኛው ምንም አልሰጡም። ሥራውን ካገኙት ሲሶው ያህል በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ለቀቁ። ገቢያቸውም ምንም ካልተሰጣቸው አልበለጠም፤ እንዲያውም የጤና ጉዳት ታይቶባቸዋል። መቋቋሚያ የተሰጣቸው በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በ33 በመቶ ከፍ አለ። «እንግዲያው ከቅጥር የራስ ሥራ ይበልጣል» ብለን ልንዘጋው ስንል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩዋቸው ሦስቱም ወገኖች ተስተካክለው ተገኙ። ቅጥሩም፣ መቋቋሚያውም ብቻውን አላዘለቀም።

ይህን ሁሉ ይዘን ልጁን አስጠራነው። መጣ። በእጁ ፌስታል ይዟል። «መኪናውን ለምን ትጥላለህ? ሥራው ሰለቸህ?» አልነው።

«አይ ኡስታዝ፣ ሥራውን እወደዋለሁ» አለና ፌስታሉን ፈታ። ከቦንዳ ተራ የገዛው አንድ የውጭ አገር ሸሚዝ ነበር። ስፌቱን በምላጭ አንድ በአንድ ተርትሮ ኮሌታውን፣ እጅጌውን፣ ኪሱን፣ ጀርባውን ለየብቻ አድርጎታል። ጠረጴዛችን ላይ ዘርግቶ የኮሌታው ውስጠኛ ጨርቅ እንዴት እንደተጣበቀ፣ የቁልፉ መተከያ ለምን እንዳልተተረተረ ሲያስረዳን ሩብ ሰዓት አለፈ። እኛ ግማሹ አልገባንም።

«ታዲያ?»

ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ሁለት ዓመቴ ነው ኡስታዝ። ደመወዝ የሚባል ነገር የለኝም። አጎቴ ሲደሰቱ ይሰጡኛል፣ ሳይደሰቱ ይረሱኛል። እዚያ በወሩ መጨረሻ ይከፈላል አሉ፤ በወረቀት።»

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ናይጄሪያና ባንግላዴሽ ድረስ ስንዞር ከርመን ነገሩ ለካ መርካቶ ውስጥ ነበር። ልጁን የጠራው የመደብሩ መስታወት አልነበረም፤ የወሩ መጨረሻ ነው። በየሱቃችን፣ በየስፌት ቤታችን «የቤት ልጅ ነው» እየተባለ ያለ ውል፣ ያለ ቁርጥ ደመወዝ የሚሠራው ወጣት ስንት ነው? የውጭው መደብር ቢመጣ ከኛ የሚወስደው አስቀድሞ እነዚህን ነው፤ ቢወስዳቸውም ምን ብለን እንከሰዋለን?

በማግስቱ ከዙህር በኋላ ወደ አጎቱ ሄድን። ሻይ ታዘዘልን። ስለ ጨርቅ መወደድ፣ ስለ መብራት መጥፋት ከተጨዋወትን በኋላ «ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልንና፣ ይህን ልጅ በወር ስንት ይከፍሉታል?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጄ አይደለም እንዴ! ይበላል፣ ይለብሳል፤ ነገ ሚስት ሲያገባ የምድረው እኔ አይደለሁም?» አሉ ቆጣ ብለው።

«እውነት ነው ሐጂ፣ ልጅዎ ነው። ግን ነገ አንድ የውጭ መደብር መጥቶ ‹ከአገራችሁ ሰፊዎች አምስት መቶ ሱሪ እፈልጋለሁ› ቢል፣ ከዚህ ቤት ሸሚዝ ተርትሮ የሚያጠና ሌላ ሰው አለዎት?»

ፌስታሉን አሳየናቸው። ልጁ ይህን እንደሚያደርግ አያውቁም ኖሯል። ኮሌታውን አንሥተው ወደ መብራቱ አስጠጉት፣ አገላበጡት፣ የስፌቱን ጥቅጥቅነት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ብዙ ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ከዚያ መሳቢያውን ስበው የሱሪ ልክ የሚመዘግቡበትን ደብተር አወጡና ከኋላው ያልተጻፈበት ገጽ ገልጠው የልጁን ስም ጻፉ።

«በሱሪ ይሁን ወይስ በወር?» አሉን።

«እርሱን ይጠይቁት» አልናቸው።

ልጁ ከመኪናው ቀና ብሎ «በወር ይሁን፤ ከልኩ በላይ የሰፋሁት ግን በሱሪ ይታሰብ» አለ። አጎቱ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩትና ጻፉት።